አባትን በቃሉ ማቆየት፦ መንግሥቱ ለማና የአለቃ ለማ ኃይሉ ትዝታ

ሠዓሊ ሲያልፍ ሥዕሉ፣ ጸሐፊ ሲያልፍ መጽሐፉ ለልጆቹ ይቀራል። የቃል ጥበብ ባለቤት ግን ሥራው ከአንደበቱ አይለይም፤ ቅኔውም ሆነ ጨዋታው ሰሚ ካልያዘው አብሮት ይቀበራል። ይህ አጭር ጽሑፍ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባቱን የቃል ጥበብ እንዴት እንዳቆየ ይቃኛል፤ ለአካባቢያችን ጥናት ያለውንም ፋይዳ ያመለክታል።

መንግሥቱ በ1916 ዓ.ም. በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ በቤተ ክህነት ትምህርት የበሰሉ ሊቅ ነበሩ። ልጁ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ቀምሶ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻገረ፤ በኮተቤ ከዚያም በለንደን ተማረ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በመንግሥት ሥራ፣ በሕንድም በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገለገለ፤ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር መምህር ሆነ።

በ1959 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» የአባትና የልጅ የጋራ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ስለ አባቱ ውዳሴ አልጻፈም፤ ተራኪው ራሳቸው አለቃ ለማ ናቸው። የአብነት ተማሪ ኑሮ፣ የሊቃውንት ፉክክርና የዘመኑ ገጠመኝ በአነጋገራቸው ለዛ ይነገራል። መንግሥቱ የመረጠው ከባዱን መንገድ ነው፤ የራሱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የአባቱን ድምፅ አሰማ። አንባቢው ከመረጃው ባሻገር የአንድን ትውልድ የአተራረክ ስልት ያገኛል። ሆኖም መጽሐፉን በምንጭነት የሚጠቀም ተመራማሪ ሁለት ማጣሪያዎችን ማስታወስ ይኖርበታል፤ የመጀመሪያው የተራኪው ትዝታ፣ ሁለተኛው የልጁ ብዕር ነው።

ውርሱ በዚህ መጽሐፍ አልተወሰነም። «የአባቶች ጨዋታ» የቀደሙትን ሰዎች ቀልድና ብልሃት ወደ ጽሑፍ አመጣ። «ያላቻ ጋብቻ» እና «ጠልፎ በኪሴ» የተባሉት ኮሜዲዎቹ ጭብጣቸው የዘመናዊው ኅብረተሰብ ግጭት ቢሆንም፣ ሳቃቸው በቃላት ጨዋታ ላይ የቆመ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ አማርኛ ግጥም አሰነኛኘት ያሳተመው ጥናትም በጆሮ የተለመደውን ጥበብ በሥርዓት ለመተንተን የተደረገ ሙከራ ነው። መንግሥቱ በ1980 ዓ.ም. አረፈ። ዛሬ አባትም ልጅም የሉም፤ የአለቃ ለማ አነጋገር ግን ይነበባል።

ይህ ተሞክሮ ለአዊ ዞን ቅርብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የፈረሱን ጌጥና ግልቢያ ለዓይን ያቀርባል። በዳንግላና በእንጅባራ ዙሪያ ያሉ አረጋውያን በአዊኛና በአማርኛ የሚያውቁት ዘፈን፣ ተረትና የቤተሰብ ታሪክ ግን ለካሜራ የሚታይ አይደለም፤ ተቀምጦ የሚያደምጥ ይፈልጋል። አዊኛ ዛሬ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፣ በትምህርት ቤትም ይሰጣል፤ ስለዚህ የጽሕፈት መሣሪያ አልጠፋም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለጥናቱ ሩቅ ከመሄዱ በፊት በገዛ ቤቱ ያለውን ተራኪ ቢጠይቅ፣ ቃሉንም ሳያሳምር በተነገረበት ቋንቋ ቢይዝ፣ ለወላጁ መታሰቢያ ለምርምሩም ምንጭ ያገኛል። ይህ ሥራ ግን ተናጋሪው በሕይወት ሳለ ብቻ የሚሠራ ነው።