ማሪያ ጊምቡታስና የሸክላ ሴቶቻቸው

ለመጽሔታችን የአንድ ዝነኛ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በተነገረኝ ጊዜ፣ ነገሥታቱንና የጦር አለቆቹን ጓደኞቼ ቀድመው ወስደዋቸው ነበር። እኔም ዕድሜያቸውን በሸክላ ስብርባሪ መካከል ያሳለፉትን ሴት ሊቅ መረጥሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ ጊምቡታስ በ1921 ዓ.ም. በሰሜን አውሮፓ፣ ዛሬ የሊቱዌንያ ዋና ከተማ በሆነችው በቪልኒየስ ተወለዱ። አባታቸውም እናታቸውም ሐኪሞች ነበሩ። ወደዚያ አገር ክርስትና የገባው እጅግ ዘግይቶ፣ በ1387 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ የጥንቱ እምነት ዘፈንና ተረት በባላገሩ ዘንድ ገና አልጠፋም ነበር። ማሪያም በተማሪነታቸው ዘመን ይህንኑ እየዞሩ ይሰበስቡ ነበር። የኋለኛው ሥራቸው ከዚህ የበቀለ ይመስለኛል።

በ1944 ዓ.ም. የሶቪየት ጦር በተቃረበ ጊዜ ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ከባለቤታቸው ጋር ተሰደዱ። በ1946 ዓ.ም. በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ፤ በ1949 ዓ.ም. አሜሪካ ገቡ፤ በሐርቫርድ ከሠሩም በኋላ በ1963 ዓ.ም. ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ።

በ1956 ዓ.ም.፣ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው ሰፊ የሣር ሜዳ የወጡ ከብት አርቢዎች ቋንቋቸውን ወደ አውሮፓ አስገቡ የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ብዙዎች አልተቀበሉትም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የጥንት ሰዎች አጥንት ዘረ መል ሲመረመር፣ ከዚያ ሜዳ በእርግጥ ታላቅ ፍልሰት እንደ ነበረ ታየ።

ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በዩጎዝላቪያና በግሪክ ባስቆፈሩት ምድር ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ተገኙ፤ ብዙዎቹ የሴት ናቸው፤ አንዳንዶቹም ወፍ የመሰለ ፊት አላቸው። ማሪያ እነዚህ የአንዲት ታላቅ ሴት አምላክ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው አሉ። አርቢዎቹ ሳይመጡ አውሮፓ ሴትን የምታከብር፣ ሰላማዊ የገበሬዎች ምድር ነበረች ብለውም አስተማሩ። በልጅነታቸው አገር ተረት የሰውን ዕድል የምትወስነውን ላይማንም የዚያች አምላክ ቅሪት አደረጓት።

እዚህ ላይ እኔም እጠራጠራለሁ። ታናሽ እኅቴ ከጭቃ የምትሠራቸው አሻንጉሊቶች ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ከ7,000 ዓመት በኋላ ተቆፍረው ቢወጡ ምን ይባሉ ይሆን? ሌሎች ሊቃውንትም ምስሎቹ መጫወቻ ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ተከራክረዋል። ስለ ሰላሙም ቢሆን፣ በ1983 ዓ.ም. በጀርመን አገር በታልሃይም የ34 ሰዎች አጽም በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ከ7,000 ዓመት ያህል በፊት፣ አርቢዎቹ ገና ሳይመጡ፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን ተመትተው የተገደሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ ሕፃናትም አሉባቸው።

ይሁን እንጂ ልጃቸውን ይዘው ከጦርነት የሸሹ እናት ጦርነት ያልነበረበትን ዘመን ለመፈለግ ለምን ያን ያህል እንደ ደከሙ ይገባኛል። በ1994 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ዐረፉ። የተቀበሩት ግን በሊቱዌንያ፣ በተማሩባት በካውናስ ከተማ ነው።