የጫማ ሠሪው ልጅ ጆርጅ ቡል

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ዘወትር እንሰማለን። በዚህ ዓመት መጽሔታችን የምናቀርብላችሁ የሕይወት ታሪክም ይህንኑ አባባል የሚያረጋግጥ ነው። ባለታሪካችን ጆርጅ ቡል ይባላል። አብዛኞቻችን ስሙን ሰምተነው አናውቅ ይሆናል። ይሁን እንጂ በኪሳችን የያዝነው ስልክም ሆነ ባንክ ቤት ሒሳባችንን የሚያሳየው ኮምፒዩተር የሚሠራው ይህ ሰው ባወጣው የሂሳብ ሕግ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሰውየው ኮምፒዩተር ቀርቶ የኤሌክትሪክ አምፖል በየቤቱ ሲበራ ሳያይ የሞተ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ቡል ኖቬምበር 2 ቀን 1815 ሊንከን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሠሪ ነበር። ሙያው ጫማ ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ሂሳብና የሩቅ ማሳያ መነጽር ሥራ ላይ ነበርና ሱቁ ብዙም አልቀናውም። ለልጁ ግን የመጀመሪያው የሂሳብ መምህር እሱ ነው። ላቲን የሚባለውን ቋንቋ ደግሞ አንድ የሰፈሩ መጽሐፍ ሻጭ አስጀመረው። የግሪክን፣ የፈረንሳይንና የጀርመንን ቋንቋ ያለ አስተማሪ በራሱ ጥረት ተማረ። በ14 ዓመቱ ከግሪክ የተረጎመው ግጥም በከተማው ጋዜጣ ወጥቶ ሲነበብ፣ ይህን የሚያህል ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም ብሎ የተከራከረ መምህር እንኳ ነበር።

16 ዓመት ሲሆነው የአባቱ ሥራ ጨርሶ ወደቀ። ከዚህ በኋላ የወላጆቹም የእህት ወንድሞቹም ቀለብ በዚህ በበኩር ልጅ ጫንቃ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ዶንካስተር በምትባል ከተማ ረዳት አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ። ጥቂት ዓመታት ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ ገና በ19 ዓመቱ በትውልድ ከተማው የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ቀን የሰው ልጅ ሲያስተምር ይውላል፤ ማታ ደግሞ ሻማ አብርቶ ለራሱ ሂሳብ ያጠናል። ሂሳብን የመረጠበት አንዱ ምክንያት፣ የሂሳብ መጽሐፍ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ለድኃ ገንዘብ ይቆጥባል ብሎ ነው ይባላል።

እንዲህ እያለ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይታተም ለነበረ የሂሳብ መጽሔት ጽሑፍ መላክ ጀመረ። አዘጋጁ ዳንከን ግሪጎሪ የልጁን ችሎታ አይቶ ሥራዎቹን አወጣለት። ኬምብሪጅ ገብቶ በወጉ የመማር ሐሳብም ነበር። ነገር ግን እሱ ተማሪ ከሆነ ወላጆቹን ማን ያብላ? ስለዚህ ቀረ። ዲግሪ የሚባል ነገር ተምሮ ሳይቀበል፣ በ1844 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ለአንድ የምርምር ጽሑፉ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው።

ቡል መጽሐፍ ላይ ብቻ የተደፋ ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን የሱቅ ሠራተኛ ከጧት እስከ ሌሊት ቆሞ ይውል ነበርና ሱቆች በጊዜ እንዲዘጉ በሊንከን ለተነሣው ንቅናቄ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቷል። ሠርቶ አዳሪው ለዕረፍትና ለትምህርት ጊዜ ይኑረው ማለቱ ነበር።

በ1849 አየርላንድ ውስጥ ኮርክ በምትባል ከተማ አዲስ የተከፈተው ኮሌጅ የመጀመሪያው የሂሳብ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። ዲግሪ ባይኖረውም ታላላቅ የሂሳብ ሊቃውንት መስክረውለታል። አየርላንድ ያኔ የድንች በሽታ ባመጣው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለቀባት፣ ገና ሐዘኗን ያልጨረሰች አገር ነበረች። ታላቁን መጽሐፉን በ1854 ያሳተመው እዚያ ሆኖ ነው።

የመጽሐፉ ነገር ምንድን ነው? ቡል የሰውን አስተሳሰብ እንደ ሂሳብ በፊደል ጽፎ ማስላት ይቻላል አለ። ለምሳሌ ነጭ ነገሮችን ሁሉ በአንድ ፊደል፣ በጎችን ሁሉ በሌላ ፊደል እንወክል። ሁለቱን ስናባዛ የምናገኘው ነጭ በጎችን ነው። ታዲያ ነጭን በነጭ ብናባዛስ? ነጭ ነጩን ለይ ተብለን ከለየን በኋላ፣ ከተለየው ውስጥ ደግመህ ነጭ ነጩን ለይ ብንባል፣ የሚወጣው ያው የመጀመሪያው ነው። ከቁጥሮች ሁሉ በራሱ ሲባዛ ተመልሶ ራሱን የሚሆነው 0 እና 1 ብቻ ነው። ቡል እንግዲህ 1ን ሁሉም፣ 0ን ምንም ብሎ ሰየማቸው። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች እውነቱንና ሐሰቱን፣ «እና»ውንና «ወይም»ን ማስላት ተቻለ።

በ1855 ሜሪ ኤቨረስትን አገባ፤ አምስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። በ1864 ኖቬምበር ወር መጨረሻ ላይ ከቤቱ ወደ ኮሌጁ በእግሩ ሲሄድ ከባድ ዝናብ መታው። ተማሪዎቹ እንዳይጉላሉ ብሎ በረጠበ ልብሱ ቆሞ አስተማረ። ብርዱ ሳንባው ገብቶ ዲሴምበር 8 ቀን በ49 ዓመቱ ዐረፈ። ከኮርክ ወጣ ብሎ ብላክሮክ በሚባል ቦታ ተቀበረ። የመጨረሻዋ ልጁ ያኔ ገና የሰባት ወር ሕፃን ነበረች።

ቤት አስተዳዳሪ ድንገት ሲወድቅ የሚመጣውን ችግር እኛ የእድር ሰዎች እናውቀዋለን። ሜሪ ልጆቿን ይዛ ለንደን ሄዳ በአንድ የሴቶች ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ያዘች። ልጆቹም ሜዳ ላይ አልቀሩም። አሊሺያ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ በሂሳብ ምርምር ስሟ ታውቆ የሆላንዱ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ1914 የክብር ዶክትሬት ሰጣት። ሉሲ የኬሚስትሪ ሊቅ ሆነች። ያቺ የሰባት ወር ሕፃን ኤቴል ደግሞ በሩሲያና በቻይና እጅግ ብዙ ሕዝብ ያነበበው ልብ ወለድ ደራሲ ለመሆን በቃች።

የቡል ሥራ ግን ለብዙ ዓመታት ከመምህራን መደርደሪያ አልወጣም። ምን ይጠቅማል ቢባል መልስ የሚሰጥ አልነበረም። እሱ ከሞተ ከ73 ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ክሎድ ሻነን የሚባል የ21 ዓመት ወጣት በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የማስተርስ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ፣ በተማሪነቱ ፍልስፍና ክፍል የሰማው የቡል ሂሳብ ትዝ አለው። የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያም እንደ ቡል ቁጥሮች ሁለት ጠባይ ብቻ አለው፤ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል። በዚያው ሰሞን በጃፓንና በሶቪየት ኅብረትም ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ የደረሱ ነበሩ።

ነገሩን በእድር ደንብ እንየው። አንድ አባል እርዳታ ለማግኘት የተመዘገበ እና መዋጮውን የከፈለ መሆን አለበት ቢባል፣ ይህ በአንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው እንደተገጠሙ ሁለት ማብሪያዎች ነው፤ ሁለቱም ካልበሩ መብራቱ አይበራም። ለቀብር ራሱ ይምጣ ወይም ከቤቱ ሰው ይላክ ቢባል ደግሞ፣ በሁለት ሽቦ ጎን ለጎን እንደተገጠሙ ማብሪያዎች ነው፤ አንዱ መብራቱ ይበቃል። ኮምፒዩተር ማለት እንዲህ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ማብሪያዎች በቢሊዮን ተሰብስበው የሚሠሩበት ዕቃ ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማር ተማሪ ሁሉ «ቡሊያን» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ዓመት ያገኘዋል። ቃሉ የመጣው ከጫማ ሠሪው ልጅ ስም ነው። ኮርክ ያለው ዩኒቨርሲቲም ቤተ መጻሕፍቱን በስሙ ሰይሞለታል።

ይህን ታሪክ ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአባሎቻችን ልጆች ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በምርምር ላይ ያሉ አሉ። ለእረፍት ሲመጡ፣ የምትሠራው ነገር መቼ ነው እንጀራ የሚሆነው እያልን እናስጨንቃቸዋለን። ጥያቄው ከኑሮ የመጣ ስለሆነ አንወቅሰውም፤ ቡልም ቢሆን ቤተሰቡን እያበላ ነው የተመራመረው። ነገር ግን የአንዳንድ ሥራ ፍሬ የሚለቀመው ዘሪው ካለፈ በኋላ መሆኑን አንርሳ። ልጆቻችን ምን እንደሚሠሩ ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው፣ እስኪያስረዱንም እንታገሳቸው። ለጆርጅ ቡል ነፍሱን ይማርልን፤ ለልጆቻችን ደግሞ ዕድሜና ትዕግሥት ይስጥልን እንላለን።