ኢብኑ ሻጢርና የቂብላዋ ሳጥን

በቅርቡ ደቻቱ ዳር ባጃጅ ውስጥ ሳለን የዐስር ሰላት ወቅት ገባ። የስልካችንን ቂብላ አመልካች ብንከፍት ወደ ምሥራቅ አሳየን። የድሬ ልጅ ግን ቂብላው ወዴት እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚህ መካ በሰሜን በኩል ናት፣ ወደ ምዕራብ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ብላ። ከባጃጁ ወርደን ጥቂት እርምጃ ራቅ ስንል አመልካቹ ራሱ ተስተካከለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ የት እንዳለን የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ይህን ባጃጁ አላዛባበትም። ወዴት እንደዞርን የሚያውቀው ግን የምድርን የመግነጢስ ኃይል በሚለካ በውስጡ ባለ ትንሽ መሣሪያ ነው። የሞተሩ ብረትና የቴፑ ድምፅ ማጉያ ያሳሳቱት ይህንኛውን ነው። የት ነን? ወዴት ዞረናል? የሚሉትን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከ650 ዓመት በፊት በአንዲት ሳጥን ያገናኙ ዓሊም ነበሩ።

ዐላኡዲን ዐሊ ኢብኑ ኢብራሂም፣ በተለምዶ ኢብኑ ሻጢር የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1304 በደማስቆ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው አባታቸው ሞተው የቲም ቀሩ። ዘመዶቻቸው ተቀብለው አሳደጓቸው፤ በዝሆን ጥርስ የማስጌጥ ሙያንም ከእነሱ ዘንድ ተማሩ። ይህን ዝም ብለን አናልፈውም። በፀጉር ስፋት ልክ መቁረጥ የለመደ እጅ ኋላ ላይ መሣሪያ ሲሠራ ምን ያህል እንደጠቀማቸው መገመት አያዳግትም። የከዋክብትን ትምህርት ፍለጋም ወደ ካይሮና እስክንድርያ ተጓዙ።

ተመልሰው በታላቁ የዑመያ መስጂድ ሙወቂት፣ የሙአዚኖቹም አለቃ ሆኑ። ሙወቂት ማለት የሰላት ወቅቶችን በስሌት የሚወስን ባለሙያ ነው፤ አዛኑ የሚጠብቀው የእሱን ቃል ነው። እሱ ከተሳሳተ ከተማው ሁሉ ያለ ወቅቱ ይሰግዳል።

በ767 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1366 ገደማ) ሰንዱቅ አል-የዋቂት የተባለችውን የናስ ሳጥን ሠሩ። ጎኗ 12፣ ቁመቷ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ኮምፓስና የፀሐይ ሰዓት አንድ ላይ ይዛ ሰዓትንም ቂብላንም ታሳያለች። ናሱም በከንቱ አልተመረጠም፤ የኮምፓስን መርፌ አይስብም። የሳጥኗ ክዳን ደግሞ ተጓዡ እንዳለበት አገር ኬክሮስ ከፍና ዝቅ ይደረጋል። የት እንዳለ ግን ሰውየው ራሱ አውቆ ሊነግራት ይገባል፤ ዛሬ ይህን ሳተላይቱ ይሠራልናል። መርፌዋ እንደ ስልካችን ሁሉ ብረት ሲጠጋት ትስታለች። በዚህ በኩል ብዙም አልራቅንም።

የጨረቃን ጉዞ ያሰሉበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1543 መጽሐፉን ካሳተመው ከኮፐርኒከስ ስሌት ጋር አንድ ሆኖ መገኘቱ በተመራማሪዎች ዘንድ ብዙ አነጋግሯል። ለእኛ ግን ሳጥኗ ትበልጥብናለች፤ ለመንገደኛ ሰጋጅ የተሠራች ናትና።

በ773 ሂጅራ ለመስጂዱ ሰሜናዊ ሚናራ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን የእብነ በረድ የፀሐይ ሰዓት ሠሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እሱ ተሰብሮ እ.ኤ.አ. በ1876 በልኩ ሌላ ተተካ፤ የዋናው ስብርባሪም በደማስቆ ሙዚየም ተቀመጠ። ኢብኑ ሻጢር እ.ኤ.አ. በ1375 በዚያው በደማስቆ አረፉ። ረሒመሁላህ።

ከባጃጁ ወርደን ስልኩን በአየር ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራን ደጋግመን አዞርነው፤ መሣሪያው ራሱን የሚያስተካክለው እንደዚያ ነው። ከዚያም በአሸዋው ዳር ሰገድን።