ያለ ደመወዝ ያስተማረው ሠዓሊ

የሆላንዱ ሠዓሊ የቪንሰንት ቫን ጎግ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጆሮው ነው። ጆሮውን የቆረጠው ሠዓሊ ይባላል፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያበቃል። በእኛ ተቋም ግን ሌላው ታሪኩ ቢወሳ ይሻላል፤ ሰውዬው የሙያ ባልደረባችን ነበርና።

ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1853 በሆላንድ ደቡባዊ ክፍል ዙንደርት በምትባል መንደር ተወለደ (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነበሩ። በ16 ዓመቱ ሥዕል በሚነግድ ድርጅት ተቀጥሮ በዘ ሄግ፣ በለንደንና በፓሪስ ከሠራ በኋላ በ1876 ተሰናበተ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ራምስጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆነ። ቋንቋ፣ ሒሳብና ቃለ ጽሕፈት ያስተምራል፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭም ልጆቹን ይጠብቃል። ደመወዝስ? ምንም! ምግብና መኝታ ብቻ። ወላጆች ልጆቻቸውን ጠይቀው ሲመለሱ፣ ተማሪዎቹ በመስኮት ቆመው በዓይናቸው ይሸኟቸው ነበር። ቫን ጎግ ይህንኑ ለወንድሙ ለቴዎ ጻፈለት፤ ከዚያ መስኮት የሚታየውንም በብዕር ነድፎ ላከለት። ልጁ ሆድ ሲብሰው ያየ መምህር ነው እንግዲህ።

ከዚያ ደግሞ ስብከት ሞከረ። በቤልጅግ አገር ቦሪናዥ በሚባለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ አካባቢ ከሠራተኞቹ ጋር ኖረ፤ ልብሱን ሰጣቸው፤ እሱም እንደነሱ ጎስቋላ ጎጆ ገባ። አለቆቹ ይህን አልወደዱለትም፤ በ1879 ሥራው ቀረ።

በ1880 ሠዓሊ ለመሆን ሲቆርጥ 27 ዓመቱ ነበር። እዚህ ላይ እጩ መምህራን ልብ በሉልኝ፤ በተለይ ሥዕል ተሰጥዎ ነው፣ እኔ የለኝም እያላችሁ ከሥዕል ክፍለ ጊዜ የምትሸሹ! ሻርል ባርግ የተባለ ፈረንሳዊ ለተማሪዎች ያዘጋጀውን የመልመጃ ሥዕል አስልኮ አንድ ባንድ ገለበጠ። ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የዚያን ጊዜ ሥራዎቹ ግትር ናቸው፤ እጅና እግሩ አልገጥም ያለው ሰው ሞልቶባቸዋል። ገንዘቡን የሚልክለት ቴዎ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አልተቋረጠም።

በ1885 ድንች በሊዎቹ የተባለውን ሥዕል ከመሥራቱ በፊት በአንድ ክረምት ወደ 40 የሚጠጉ የገበሬ ፊቶችን ተለማምዷል። ሥዕሉን ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ሆላንድ በሄድኩ ጊዜ፣ አምስተርዳም በሚገኘው በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ነው። ወደ 200 የሚሆኑ የቀለም ሥዕሎቹ እዚያ አሉ። ሕዝቡ ወደ ሱፍ አበባው ይጋፋል፤ እኔ ግን እዚህ ጨለማ ሥዕል ፊት ቆሜ ቀረሁ። አምስት ሰዎች ባንድ ፋኖስ ሥር ካንድ ሣህን ድንች ይበላሉ። ፊታቸው ያልተላጠ ድንች ይመስላል። ጣቶቻቸው አጥንት ብቻ ናቸው፤ ድንቹን ከመሬት የቆፈሩት እነዚያው ጣቶች መሆናቸውን ማንም አይስተውም።

ሱፍ አበባውንም አየሁት። በካላንደር ላይ የምናውቀው ልሙጥ ነው፤ እውነተኛው ግን ቀለሙ እንደ ምርግ ተለጥፏል፣ የብሩሹ መንገድ ሳይቀር ይታያል። አንድ ሌላ የገረመኝ ነገር፦ በ1888 አርል ከተማ የሠራው የመኝታ ክፍሉ ሥዕል ግድግዳው ዛሬ ሰማያዊ ነው። ሲሠራ ሐምራዊ ነበር፤ በውስጡ የነበረው ቀይ ብርሃን እየበላው ለቅቆ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ስለዚህ ሙዚየሙም ቢሆን እሱ ያየውን በሙሉ አያሳየንም ማለት ነው።

የጆሮው ነገር የሆነው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ነው። በማግሥቱ ዓመት ራሱ ፈቅዶ ሳን ረሚ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገባ። እብደቱ ነው ያሣለው የሚባለው ወሬ አይዋጥልኝም፤ ሕመሙ ሲጠናበት ሥራው ይቆም ነበር፣ የሚሠራው ሲሻለው ነው። ሐምሌ 27 ቀን 1890 ራሱን በጥይት አቆሰለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በ37 ዓመቱ ሞተ። በዚያ ዓመት አንድ ሥዕሉ በ400 ፍራንክ ተሸጦለት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ የሐኪሙ የጋሼ ምስል ብቻውን 82 ሚሊዮን ተኩል ዶላር አወጣ። ጉድ ነው!

ቴዎም ስድስት ወር ሳይቆይ ተከተለው። ባለቤቱ ዮሃና ሕፃን ልጅና በመቶ የሚቆጠሩ፣ ገበያ የሌላቸው ሥዕሎች ይዛ ቀረች። እሷም ከጋብቻዋ በፊት የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። ቡሱም በምትባል የሆላንድ ከተማ እንግዶችን እያሳደረች፣ ትርጉም እየሠራች ልጇን አሳደገች፤ ጎን ለጎን ሥዕሎቹን ለኤግዚቢሽን ታቀርባለች፣ የቪንሰንትን ደብዳቤዎች ታደራጃለች። ደብዳቤዎቹን በ1914 አሳተመች። ልጁ መሐንዲስ ሆነ፤ ሙዚየሙ በ1973 ሲከፈት በሕይወት ነበረ። ዛሬ ጥበቃ የቆመለት የድንች በሊዎቹ ሥዕል ያኔ በዮሃና ቤት ከእሳት ምድጃው በላይ ተሰቅሎ ነበር።