የቁም ሕልም ፈላስፋ፦ ጋስቶን ባሽላር

ጋስቶን ባሽላር በ1884 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፈረንሳይ አገር፣ በሻምፓኝ ግዛት፣ ባር ሱር ኦብ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ሀብታሞች ስላልነበሩ ገና በወጣትነቱ ፖስታ ቤት ተቀጠረ። ከሥራው በሚተርፈው ጊዜ ሒሳብ እያጠና በ1912 በዲግሪ ተመረቀ። በ1914 አንዲት መምህርት አገባ፤ ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይቆይ ጦርነቱ ወሰደው። 38 ወራት በምሽግ አሳለፈ።

ከጦርነቱ ሲመለስ በተወለደባት ከተማ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመረ። በ1920 ሚስቱ ሞተች፤ ሱዛን የተባለች ሕፃን ልጃቸውን ብቻውን አሳደገ። ሌላ ሚስት አላገባም። የዶክትሬት ማዕርግ ያገኘው በ1927 ነው። ከዚያም በዲዦን፣ ከ1940 ጀምሮም በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የአሳቡ ጉዞ ነው። ባሽላር የሳይንስ ፈላስፋ እንደ መሆኑ፣ አእምሮ ስለ ነገሮች በመጀመሪያ የሚሥላቸውን ምስሎች የዕውቀት መሰናክል አድርጎ ይቈጥር ነበር። በ1938 ስለ እሳት የጻፈው መጽሐፍም የጥንት ሊቃውንት ስለ እሳት የነበራቸውን ስሕተት በመመርመር ላይ የተመሠረተ ነው። ነገር ግን መርማሪው በተመርማሪው ተማረከ። ለሳይንስ እንቅፋት የሆነው ምስል ለባለቅኔው ሲሳይ መሆኑን ተረዳ። ከእሳት ወደ ውኃ፣ ወደ ነፋስ፣ ወደ መሬት ተሻገረ፤ የእኛ ሊቃውንት አራቱ ባሕርያት የሚሏቸውን ማለት ነው። ሳይንሱንም አልተወም፤ ሁለቱን በየማሳቸው አርሷቸዋል።

በ1957 ስለ ቤት፣ ስለ ማዕዘን፣ ስለ መሳቢያና ስለ ወፍ ጎጆ ጻፈ። በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የቁም ሕልምን ከሌሊት ሕልም ይለያል። የተኛ ሰው ራሱን ይስታል፤ በቁሙ የሚያልም ግን ማለሙን ያውቃል፤ ስለዚህም ቅኔ ከዚህኛው ይወለዳል። ይህ የሥራ ፈት ምኞት ነው የሚል ቢኖር፣ ጸሐፊው በቀን ደብዳቤ፣ በማታ ሒሳብ ሲሠራ ያደገ ሰው መሆኑን ያስታውስ።

በ1961 ስለ ሻማ ነበልባል አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። በ1962 በፓሪስ ዐርፎ በትውልድ ከተማው ተቀበረ። ስለ እሳት ጀምሮት ሳይፈጽመው የቀረውን የመጨረሻ ሥራውን፣ እርሷም ፈላስፋ የሆነችው ልጁ ሱዛን በ1988 አሳተመችለት።