መስቀሉና ሥዕሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት! ብዙዎቻችን በአንገታችን ማዕተብ አስረናል፤ በመኝታችን ራስጌም የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅለናል። እምነት በልብ ከሆነ ይህ ሁሉ ዕቃ ምን ይሠራል ብለው የሚጠይቁን ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። በሀገራችን ታሪክ ከማንም ይበልጥ በዚህ ነገር የደከመና ሌላውንም ያደከመ ንጉሥ ስላለ የእርሳቸውን ሕይወት በአጭሩ እንመልከት።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የዐፄ ዳዊትና የእግዚእ ክብራ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በፈጠጋር ነው። እንደ ዘመኑ ልማድ የንጉሥ ልጆች በሚጠበቁበት በአምባ ግሸን ቆይተው በ1426 ዓ.ም. ለመንግሥት በቁ። በአክሱም ጽዮን ሥርዓተ ንግሥ ፈጽመው እስከ 1460 ዓ.ም. ድረስ 34 ዓመት ገዙ። መጻሕፍትን ያወቁ ንጉሥ ነበሩ፤ መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት የእርሳቸው ድርሰቶች መሆናቸው ይነገራል።

በዘመናቸው ብዙው ሕዝብ ቢጠመቅም ገና ከጠንቋይ ደጅ አልራቀም ነበር። ደሰክና ዲኖ ለሚባሉ መናፍስት መሠዋት አልቀረም። ካህኑ ጥቂት፣ ማንበብ የሚችለውም ከጥቂት ጥቂት ነበር። ንጉሡ ይህን አይተው፣ መጽሐፍ ማንበብ የማይችለው ሰው በዓይኑ የሚያየውና በእጁ የሚዳስሰው ነገር እንዲኖረው ፈለጉ። ስለሆነም በየቤተ ክርስቲያኑ የእመቤታችን ታቦት እንዲኖር፣ በበዓላቷም ተአምረ ማርያም እንዲነበብና ለሥዕሏ ክብር እንዲሰጥ አዘዙ። ምእመናንም የመስቀልን ምልክት በንብረታቸው ላይ እንዲያደርጉ ደነገጉ። የግማደ መስቀሉ በግሸን መቀመጥም በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ከእርሳቸው ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ መታሰቢያውን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እናከብራለን።

ይህ ሥራ ፍሬ አፍርቷል። ፍሬ ጽዮን የሚባለው መነኩሴ የእመቤታችንን ሥዕል በእንጨት ገበታ ላይ የሣለው በዚያ ዘመን ነው፤ ሥራውም በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። በዚያ ሥዕል ፊት ስንት እናት ስለ ልጇ ዕንባዋን እንዳፈሰሰች የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረን ንጉሡ ሰው ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ሰይጣንንና ደሰክን የሚክድበትን ቃል እንዲጽፍ አዘዙ። ይህን ያላደረገ ንብረቱ ይወረስ፣ በአካሉም ይቀጣ ነበር። ያን ጊዜ ለጸሎት የተሰጠው ምልክት የመመርመሪያ ምልክት ሆነ። ሐሰተኛ ከሳሾች ተነሡ፤ ጣዖት አምልከዋል የተባሉት የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ ተቀጡ፤ በቅጣቱ የሞቱም አሉ።

በዚሁ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለታቸው ከንጉሡ ጋር ተጣሉ። ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አይሰግዱም የሚል ክስ ቀረበባቸው፤ በ1440ዎቹም ከመካከላቸው በድንጋይ ተወግረው የሞቱ አሉ። ከዚያ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም የፍርዳቸው ማረጋገጫ አድርገው ተቀበሉት፤ ከተማቸውም ደብረ ብርሃን ተባለች። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ያ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. የታየው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የእነዚያ የተወገሩት መነኮሳት ማኅበር አልጠፋም። በትግራይ በጉንዳጉንዶ ገዳማቸው በእጅ የተጻፉ፣ በሚያምር ሥዕልና ሐረግ ያጌጡ ወንጌሎችን ትተውልናል። ሥዕልን ይጠላሉ ተብለው የተከሰሱት ወገኖች ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው እንዲህ ያለ ሥራ ሠሩ! ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በዓታቸውን ዘግተው ያደረጉት ስለሆነ ከፍቅር የመጣ ነው ብንል አንሳሳትም። የንጉሡ አፅም ደግሞ ዛሬ የፍሬ ጽዮን ሥዕል ባለበት በዚያው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ዐርፏል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ሕይወት የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የሰው ልጅ ሥጋም ነፍስም ስለሆነ ዓይኑም፣ እጁም፣ ጉልበቱም ሊጸልዩ ይገባል። መስቀል ስንሳለም፣ ሥዕል ፊት ስንቆም፣ መቁጠሪያ ስንቆጥር የሚባዝነውን ሐሳባችንን የምንሰበስብበት መያዣ እናገኛለን። ንጉሡ በዚህ ትክክል ነበሩ። ሁለተኛው፣ ያው መስቀል ሌላውን ለመለካት ሲነሣ የጸሎት ዕቃነቱ ይቀራል። ትርጉሙን ሳናውቅ ብናስረውም ንጉሡ ከተዋጉት ከጠንቋዩ ክታብ ብዙ አይለይም።

ስለዚህ ማዕተባችንን እንሰር፤ ትርጉሙንም እንማር። ማዕተብ የሌለውን ጓደኛችንን ግን አንገቱን አይተን አንፍረድበት። በልቡ ያለውን የሚያይ አንድ እግዚአብሔር ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።