የገጠሩ ሐኪምና የትምህርት ግብር



ደመወዜ ከሕዝብ ግብር የሚከፈለኝ መምህር ስለሆንሁ፥ የሰር ቻርልስ ተፐርን ታሪክ ለአንባቢዎች ባካፍል ደስ ይለኛል። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1821 በኖቫ ስኮሺያ ተወለዱ፤ በ1843 በኤዲንብራ ሕክምና ተምረው ተመለሱና የገጠር ሐኪም ሆኑ። በ1855 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ። በ1864 የአገሩ መንግሥት መሪ ሲሆኑ የነፃ ትምህርት ቤት ሕግ አወጡ፤ በ1865 ደግሞ የትምህርት ግብርን በሁሉ ላይ ግዴታ አደረጉ። ሕዝቡ በግብሩም፥ ከካናዳ ጋር በመዋሐዱም እጅግ ተቆጣ፤ በ1867 ምርጫ ከ19ኙ መቀመጫ ወገናቸው ያገኘው የርሳቸውን ብቻ ነበር። ሆኖም ቍጣውን ፈርተው ሕጉን አልሻሩም። በ1896 ለ69 ቀን የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1915 ዐረፉ።

ሐኪም በሽተኛው ቢቆጣም መራራውን መድኃኒት ማዘዝ አይተውም። እኛም ግብር ሲቆረጥብን ከማጉረምረማችን በፊት ልጆቻችን የሚማሩበትን ክፍል እናስብ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ